ያልተነበበችው ጥይት

የምትወዳት ልጅ አባት «ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ ሜዳ እንሂድ» ቢልህ ምን ትመልሳለህ? እኔ «ደስ ይለኛል ጋሼ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ አመሸሁ። ሌላው ሰው ከአማቱ ጋር የሚተዋወቀው ምሳ ጋብዞ ነው፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ሽጉጥ ይዞ የሚጠብቅ አማት ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። ቢንያም እባላለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት፤ መጀመሪያ ኒውአርክ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስሸከም ቆየሁ፣ በኋላ ተምሬ ነርስ ሆንኩ። የምኖረው ኦክላንድ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይሆንልኝ፣ እግሩን ሳያወዛውዝ ወንበር ላይ መቆየት የማይችል ሰው ነኝ። አክስቴ «ይሄ ልጅ ሱሪው ውስጥ ጉንዳን አለ» ትላለች። ታላላቆቼ ፊት ስቀርብ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። እግሬ መወዛወዙን አይተውም፤ ድምፄ ግን ወደ ሆዴ ይገባል።

ሜሮን እዚሁ ተወልዳ ካምቤል ከተማ ያደገች ልጅ ናት። አማርኛ አንድም አያመልጣት፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሽማግሌ ልልክ ስዘጋጅ አባቷ «መጀመሪያ ልጁን ልየው» አሉ። ጋሽ መላኩ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን በመሐንዲስነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሜሮን ሌላ ማንም የላቸውም። አይሆንም ካሉ ሜሮን አባቷን አስቀይማ እንደማታገባኝ ደግሜ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ስለዚህ ያች ቅዳሜ ለእኔ ቀልድ አልነበረችም።

ዓርብ ማታ ለአክስቴ ደውዬ ምክር ጠየቅኳት። ሲያወሩ ስማ፣ ሲጠይቁህ ብቻ መልስ፣ ያለዚያ አፍህን ዝጋ አለችኝ። «ዝም አይነቅዝም» ብላ ደመደመች። ከዚያ ምን ይዤ ልምጣ ብዬ ለመጠየቅ ለጋሽ መላኩ ደወልኩ። ጥያቄው ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ሰላምታው ግን የእሳቸው ጤና፣ የእኔ ጤና፣ አገር ቤት ያለችው እናቴ፣ የእናቴ ጉልበት፣ የአክስቴ ሥራ ሳይዳረስ አያልቅም። ስልኩን እንዳነሱ ከበስተኋላቸው ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ጸጥ አለ። በመጨረሻ «እጅህን ብቻ ይዘህ ና» አሉኝ። ይህችን የስልክ ጥሪ እንዳትረሷት።

በማግስቱ በጋሽ መላኩ መኪና ከሳን ሆዜ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ወጣን። ሜሮን ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጠዋቱ ጭጋግ ነበር። ጋሽ መላኩ እየነዱ ያወሩ ጀመር። ለካ እሳቸው ጥይት ከሱቅ አይገዙም። ቀለሁን፣ አረሩንና ባሩዱን ለየብቻ ገዝተው ጋራዣቸው ውስጥ ራሳቸው ይሞላሉ። ሜዳ ሄደው ደግሞ ክሮኖግራፍ በሚባል መሣሪያ የእያንዳንዷን ጥይት ፍጥነት ይለካሉ። ሁሉም እኩል ከሮጡ አሞላሉ ተስተካክሏል ማለት ነው። አንዷ ከፈጠነች ወይ ከዘገየች፣ ሲሞሉ እጃቸው ስቷል ማለት ነው።

«መተኮስማ ማንም ይተኩሳል፤» አሉኝ በመስታወቱ እያዩኝ። «እኔ የምወደው መለካት ነው። ሰውም ነገርም ሲለካ ነው የሚታወቀው።»

ሜሮን ወደ መስኮቱ ዞራ ሳቋን አፈነች። እኔ እንድለካ መሄዴ ገብቶኛል።

ሜዳው ረጅም የቆርቆሮ ጣራ ያለው ነው። በጣራው ሥር ጠረጴዛዎች በተርታ ተደርድረዋል፤ ከፊት ለፊት ኢላማዎቹ፣ ከኢላማዎቹ ጀርባ የአፈር ኮረብታ። የሜዳው ተቆጣጣሪ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ግዙፍ ሰው ነበር። እንግዳ መሆኔን አይቶ ሕጉን ነገረኝ። ከሕጉ ሁሉ አንዱ ጆሮዬ ላይ ቀረ። አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው «ሲዝ ፋየር»፣ ተኩስ አቁም፣ ብሎ መጮህ ይችላል። ያን ጊዜ ያለው ሁሉ መሣሪያውን አስቀምጦ ከቢጫው መስመር ኋላ ይቆማል፤ ማን ጮኸ፣ ለምን ጮኸ ብሎ የሚጠብቅ የለም። ጩኸቱ ስህተት ቢሆንም እንኳ ማንም አይቆጣህም አለኝ። ይሄ ሰው ሐበሻን አያውቅም ብዬ አሰብኩ።

ተኩስ ሲቆም ክሮኖግራፉን ይዘን ከጠረጴዛችን ፊት ጥቂት እርምጃ ሄደን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተከልነው። ወደ ሰማይ የሚያዩ ሁለት ዓይኖች አሉት። ጥይቷ በላያቸው ስታልፍ ጥላዋ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ይነካል፤ መሣሪያው በመሐል ያለፈውን ጊዜ ይዞ ፍጥነቷን ያሰላል። ቁጥሩ በሽቦ ተያይዞ ጠረጴዛችን ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ይታያል። ጥላ ስለሚፈልግ ብርሃን ካነሰው አንዳንዴ ሳያነብ ይቀራል። ጋሽ መላኩ ቀና አላደረግከውም፣ ወደ ግራ ሄዷል እያሉ ደጋግመው አስተካከሉኝ። ላብ በላብ ሆንኩ።

ጠረጴዛው ጋ ተመልሰን ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸውን ከሣጥን አወጡ። ከመተኮሳቸው በፊት እንደ ተማሪ አቁመው አስረዱኝ።

«ድምፁ ደከም ካለህ፣ ወይም ሽጉጡ እጅህን ካላነሳው፣ እዚያው አቁም። ያቺ ጥይት ባሩድ የላትም ማለት ነው። የቀለሁ መለኮሻ ብቻዋን ስለምትገፋው አረሩ ወጥቶ አይሄድም፤ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል። በላዩ ሌላ ከተኮስክ መውጫ ያጣል፤ ሽጉጡ እጅህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ዓይንም ይሄዳል፣ ጣትም ይሄዳል።»

ደርሶብዎት ያውቃል ወይ አልኳቸው። ሰክረው ቤት ገብተው ያውቁ እንደሆነ የጠየቅኳቸው ያህል አዩኝ። «እኔ የሞላሁት ላይ አይደርስም» አሉና የጆሮ መከላከያቸውን አጠለቁ።

መተኮስ ጀመሩ። ሜሮን ቁጥሩን ታነባለች፦ «ኤት ፎርቲ። ኤት ቱዌንቲ ናይን። ኤት ፎርቲ ዋን፣ ዳድ።» በየቁጥሩ ፊታቸው ይፈካል። በሁለት ጥይት መካከል ደግሞ እኔን ይጠይቁኛል። አባትህ መቼ አረፉ? ይተኩሳሉ። ለምን ነርስነትን መረጥክ? ይተኩሳሉ። አገር ቤት ቤት እየሠራህ ነው? ይተኩሳሉ። እኔ የአክስቴን ምክር ይዤ አዎ፣ አይደለም፣ እግዜር ይመስገን እያልኩ እመልሳለሁ። እግሬ ጠረጴዛው ሥር ይጨፍራል። በመጨረሻ ሰለቻቸው መሰለኝ «አንተ፣ አታወራም እንዴ?» አሉኝ። ሜሮን ሳቀች። «ሂ ቶክስ አ ሎት፣ ዳድ። ጀስት ኖት ቱ ዩ።»

የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልቀው እንደገና አጎረሱ። በዚህ መሐል ጭጋጉ ከኮረብታው ወርዶ ሜዳውን አጨለመው። አጠገባችን ደግሞ አንድ ሰው ትልቅ ጠመንጃ ይዞ መጣ፤ ሲተኩስ የቆርቆሮው ጣራ ይንቀጠቀጣል። ጋሽ መላኩ አንድ ተኮሱ፣ ሜሮን አነበበች። ሁለተኛውን ተኮሱ። በዚያችው ቅጽበት የጎረቤታችን ጠመንጃ አጓራ፤ የሽጉጡን ድምፅ አልሰማሁም።

«ኢት ዲድንት ሪድ» አለች ሜሮን። መስኮቷ ላይ ቁጥር የለም።

ጋሽ መላኩ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። «ደመናው ነው» አሉ።

እኔ ግን ሰማዩን አላየሁም። ጠዋቱን ሙሉ ፊታቸውን ማየት ስለፈራሁ እጃቸውን ነበር የማየው። የሰው እጅ ማየት ሥራዬም ነው፤ ደም ሥር ስፈልግ ነው የምውለው። በተኮሱ ቁጥር እጃቸው እስከ ክርናቸው ዘለል ይል ነበር። አሁን አልዘለለም። ወይስ ዘለለ? ኢላማው ላይ አዲስ ቀዳዳ ፈለግሁ፤ ከዚያ ርቀት አልለይ አለኝ።

ሆስፒታል ውስጥ የታማሚው መቆጣጠሪያ ማሽን ድንገት ባዶ ሲሆን አዲስ ነርስ «ሽቦው ወልቆ ነው» ይላል። ያሠለጠነችኝ ነርስ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ነገር፣ ሽቦውን ከመንካትህ በፊት ሰውየውን እይ የሚል ነበር። ጋሽ መላኩ ሽቦውን ነው ያዩት። ሽጉጡን ያየው ግን የለም።

ሽጉጡን አፈሙዙን ወደ ኮረብታው አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «በል ና፣ አንተ ደግሞ ሞክር» አሉኝ።

«እርስዎ ይጨርሱ ጋሼ» አልኩ።

«ኧረ እንግዳ ይቀድማል።»

«በእርስዎ ፊትማ አይሆንም።»

ይህን ጨዋታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በር ላይ ሁለት ሐበሻ ሲገናኝ ግባ፣ አይ አንተ ግባ እየተባባለ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ይቆማል። እኛም እንደዚያ ቆምን። እሳቸው የተግደረደርኩ መስሏቸው ይበልጥ ይጋብዙኛል፣ እኔ ይበልጥ እምላለሁ። ሽጉጡ በመሐላችን ተኝቷል። አፌ ይቅደሙ ይላል፣ ልቤ ግን ሌላ ጣጣ ውስጥ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲለኩ ለኖሩ ሰው፣ ልጃቸው ፊት፣ ጥይትዎ ባሩድ የለውም ብዬ እንዴት እናገራለሁ? ከተሳሳትኩ መሳቂያ ነኝ። ልክ ከሆንኩ ደግሞ አዋርጃቸዋለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የጠረጴዛውን እግር በጫማዬ እመታለሁ፣ ላቤን እጠርጋለሁ፣ አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ።

በመጨረሻ ጋሽ መላኩን ታከታቸው። «በቃ ይሄ ልጅ አፍሯል። ሜሪ፣ አንቺ አሳዪው» አሉ።

ሜሮን ተቀመጠች። ፀጉሯን ወደ ኋላ መልሳ ሽጉጡን በሁለት እጇ አነሳች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር እየመጣች የለመደችው ነው፤ እኔን ለማሳየት ትንሽ ኮራ ብላለች። ጋሽ መላኩ አያያዟን ለማስተካከል ጎንበስ አሉ። ፊታቸው ከፊቷ አጠገብ ሆነ። ጣቷ ወደ ምላጩ ሲሄድ አየሁ።

«ሲዝ ፋየር!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ያወቅሁት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው። ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተኩሱ ጸጥ አለ። ፊሽካው ተነፋ። ሜሮን ጣቷን አውጥታ ሽጉጡን ወዲያው አስቀመጠች። ጋሽ መላኩ ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«ደመናው አይደለም ጋሼ። ሽጉጡ እጅዎን አላነሳውም።»

«ምን ትላለህ?»

«እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። እጅህን ካላነሳው አቁም ብለውኛል።»

ሰው ሁሉ እያየን ነበር። ጋሽ መላኩ «እኔ የሞላሁትን ጥይት አንተ...» ብለው ሳይጨርሱ፣ አሁን ተኩሼ አሳይሃለሁ በሚል ንዴት እጃቸውን ወደ ሽጉጡ ሰደዱ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን እናቴ ብትሰማ ለሳምንት ሱባኤ ትገባ ነበር። መሐል ገባሁና ደረታቸውን በሁለት እጄ ገፋኋቸው። ወደ ኋላ ተንገዳግደው ሄደው ቢጫው መስመር ላይ ቆሙ። ክብደታቸው ቀላል ነው፤ ለካ ሽማግሌ ናቸው።

ተቆጣጣሪው ደረሰ። ሁላችንንም ከመስመሩ ኋላ አደረገንና ሽጉጡን ከፍቶ ጥይቶቹን አራገፈ። ከዚያ ቀጭን የነሐስ ዘንግ አምጥቶ በአፈሙዙ በኩል ሰደደ። ወደ ሌላው ጫፍ መውጣት ነበረበት። ጥቂት ሄዶ ቆመ። ሰውየው ዘንጉን በአውራ ጣቱ ምልክት ይዞ አወጣና በሽጉጡ ጎን ለክቶ አሳየን። አረሩ መሐል ላይ ተቀርቅሯል። አንዴ ጋሽ መላኩን፣ አንዴ ሜሮንን አየ። ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ ለጋሽ መላኩ ይሄን ልጅ ምሳ ጋብዙት አላቸውና ሄደ።

ጋሽ መላኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሜሮን መከላከያውን ከጆሮዋ አውልቃ «ዲድ ዩ ኖው?» አለችኝ። አላወቅኩም፣ ፈራሁ እንጂ አልኳት። ከዚያ እሷ አለቀሰች፤ እኔም ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ተመለስን። እግሬ እንደሁ አያርፍም፤ የፊት ወንበሩን እንዳልመታ በእጄ ጨምድጄ ይዤዋለሁ። ካምቤል ልንገባ ስንል ጋሽ መላኩ መንገዱን እያዩ ተናገሩ።

«ትናንት ማታ ስትደውል ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ። ባሩድ እየሞላሁ። ሰው ሰላም ሲልህ ሥራህን አቁመህ ነው ሰላም የሚባለው ብዬ ተነሳሁ። ስመለስ የቱ ጋ እንደደረስኩ የማውቅ መሰለኝ።»

የእናቴ ጉልበት ትዝ አለኝ፤ የአክስቴም ሥራ። ያ ሁሉ ሰላምታ አንዲት ቀለህ ያለ ባሩድ እንድትዘጋ አድርጓል። ቤታቸው ስንደርስ «በል በሰላም ግባ» ብለው ጋራዥ ገቡ፣ በሩም ከላይ ወደ ታች ተዘጋ። ወደ ቤት እንኳ አላሉኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልነግራችሁም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ለሜሮን ስደውል «ሂ ኢዝ ኖት ቶኪንግ ቱ ኤኒባዲ» ትለኛለች። አክስቴ የተቀረቀረውን አረር ስነግራት አማተበች፤ መግፋቱ ላይ ስትደርስ ግን ጭንቅላቷን ያዘች። «አማትህን? ደረቱን?» እያለች ደጋገመችው። ልጃቸውን ማትረፌና ክብራቸውን መግፈፌ አብረው ሲመዘኑ የትኛው እንደሚያይል እኔም አላውቅም ነበር። ሥራ ቦታ ኮሪደሩን ስመላለስ አንድ ታማሚ መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅም ወይ አለኝ። በመጨረሻ ሜሮን ደውላ አባቷ ሽማግሌዎቹ ይምጡ እንዳሉ ነገረችኝ። ለምን እንዳሉ ስጠይቃት እሷም አታውቅም። ለእሺ ይሁን ለእምቢ፣ ምንም አላሉም።

ሽማግሌዎቹ የሄዱ ዕለት ወግ ነውና እኔ አልገባሁም። ከቤቱ ማዶ መኪናዬ አጠገብ ቆሜ የእግረኛ መንገዱን ስፈጅ ሜሮን እንድሰማ ደውላልኝ ስልኳን እንደተከፈተ ኩሽናው በር ላይ አስቀመጠችልኝ። የአክስቴ ባል ነበር የሚናገረው። እንደ ወጉ ቆመው ነው የሚናገሩት፤ የቤቱ ባለቤት ተቀመጡ እስኪል ማንም አይቀመጥም። አጥንቶት የሄደውን ሙገሳ አወረደው። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ታላቅ ፊት ቀና ብሎ አያይም። «ድምፁ እንኳ አይሰማም» ብሎ አሳረገ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ መሄዴን አቆምኩ።

«ድምፁ የማይሰማ ልጅ ከሆነ» አሉ ጋሽ መላኩ፣ «ቤት ተሳስታችኋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

የመኪናዬን በር ተደገፍኩ። ከውስጥ የአክስቴ ባል ምን ጥፋት ተገኘበት ብሎ ሲንተባተብ ይሰማኛል።

«እኔ የማውቀው ቢንያም ሜዳ ሙሉ ሰው በጩኸቱ ያቆመ ነው። እኔንም ደረቴን ገፍቶ ልጄን ያተረፈልኝ ነው። የላካችሁ እሱ ከሆነ ተቀመጡ።»

ወንበሮች ሲጎተቱ ሰማሁ።

እንግዲህ የገጠመኝ ይሄ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚለውን አባባል አላፈርሰውም፤ አክስቴን የሚያህል ጠበቃ አለው። ይቅደሙ፣ ይቅደሙ መባባላችንንም አልሰድበውም፤ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ ያቆየልኝ እሱ ነው። ግን እናንተም ምናልባት ዛሬ፣ አንድ የምታከብሩት ሰው «ደመናው ነው» ሲል የሰማችሁ ትሆናላችሁ። እጁ እንዳልተነሳ አይታችኋል፣ እንዳላሳፍረው ብላችሁም ዝም ብላችኋል። እኔ ያን ቀን የተማርኩት ቶሎ ካልተናገርኩ ሽጉጡ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ የምወደው ሊሆን ይችላል። አሁን ሆስፒታል ውስጥ ዶክተሩ ቢቆጣም እናገራለሁ። ድምፄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል፤ ይውጣ እንጂ ይንቀጥቀጥ።

ጋሽ መላኩ ባሩድ ሲሞሉ ስልካቸውን ዘግተው ሜሮን ጋ ያስቀምጣሉ። ሜዳም እንሄዳለን። አንዳንድ ቀን ጭጋግ ወርዶ ክሮኖግራፉ ሳያነብ ሲቀር ሰማዩን አያዩም። ሽጉጡን አስቀምጠው፣ መከላከያውን ከጆሯቸው አንስተው ወደ እኔ ይዞራሉ።

«ደመናው ነው?» ይሉኛል፣ እስክመልስም ይጠብቃሉ።